አንበሳ የዘጋው ሠርግ

የእኛ አገር ወንዶች አንበሳ ሲባል ደረታቸው ይነፋል። በመላው እስያ የዱር አንበሳ የቀረው እኛው ጋ፣ ሕንድ ውስጥ በጊር ጫካ ነው፤ እሱም በእነሱ ጀግንነት የቀረ ይመስላቸዋል። ዘሩ በአንድ በሽታ እንዳያልቅ ጥቂቱ ወደ ሌላ ክፍለ አገር ይሂድ ሲባል አባቴ፣ «አንበሳና ሚስት በውሰት አይሰጥም» ብሎ ስብሰባውን ረግጦ ወጣ። አንበሶቹ ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ በዙ። ጫካው ሲጠባቸው የማንጎውን እርሻ አቋርጠው እኛ መንደር፣ ባሕሩ ዳር ድረስ መጡ።

በሠርጌ ቀን ሁለቱ፣ ወንዱና ሴቷ፣ ወደ መንደራችን የሚያስገባው መንገድ መሀል ጫጉላቸውን ጀመሩ። ከእነሱ ወዲያ ሙሽራዬ ኡናድና አጃቢዎቹ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ኮከብ ቆጣሪው የፈቀደው ሰዓት ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። ካለፈ ሠርጉ ለከርሞ ነው፤ እስከ ከርሞ ደግሞ አባቴ ስንት ጊዜ ሐሳቡን እንደሚለውጥ አውቃለሁ። ኡናድን እወደዋለሁ።

የጫካ ጠባቂዋ ኪንጃል ሞተር ብስክሌቷን አስነስታ፣ ሙሽራውን ከኋላዬ አፈናጥጬ በዳር በዳር አሳልፈዋለሁ አለች። አውቶቡስ ውስጥ ያሉት ወንዶች ባንድ አፍ፣ አንበሳ መረበሽ በሕግ ያስቀጣል ብለው መለሱላት። ሕጉ እኮ እሷው ነች።

በእኛ በካቲዎች ወግ ሙሽራው መድረስ ካልቻለ ጎራዴው ይላካል፤ ሙሽሪት ከጎራዴው ጋር የሠርጉን እሳት ትዞርና ሚስት ትሆናለች። አባቴ እንዲያ ይሁን አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ድሮ ጎራዴ የሚልከው ጦር ሜዳ ያለ ሰው ነበር። ዛሬ በሕግ ያመካኘ ወንድ ነገ ቤቴ ገብቶ በምን እንደሚያመካኝ ማን ያውቃል? አክስቴ፣ «ጎራዴ እኮ አያንኮራፋም፣ ልጄ» አለችኝ። አልሳቅኩም።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ስልኬ ጮኸ። ኡናድ ነው። አጎቶቹ ከጀርባው ስለ ሕጉ ሲደሰኩሩ ይሰማኛል።

«ሶናል፣ ሕጉን ተይው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፈርቼ ነው።»

ያን ቀን ከወንድ አፍ የሰማሁት እውነት ይሄ ብቻ ነበር። እንባዬ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ትዳሩ ራሱ ሲያስፈራኝ ነው የዋለው፤ ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

«እኔም ፈርቻለሁ» አልኩት፤ እኛ ግቢ አንበሳ አልነበረም። «ጎራዴውን በኪንጃል ላከው።»