ጁሀራን ያሰማት ማነው?

ጁሀራ ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮ የሰማች ዕለት ወንድሟ ከማለዲን ደስ አላለውም። ደስ ያለው መስሎ "አልሐምዱሊላህ" አለና ሥራ እንዳለበት ሰው ተነስቶ ወጣ።

ከማለዲን በሮቤ ገበያ ዳር ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ከዲንሾ እስከ ጎባ ሬዲዮ የተበላሸበት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። ታላቅ እህቱ ጁሀራ በማጅራት ገትር ታማ፣ ከሞት ተርፋ ጆሮዋ ሲደክም፣ ሰው "ወንድሟ እያለ ምን ቸገራት" ይል ነበር። እሱም ሞክሯል። ትልቅ ስፒከር ገጥሞ እስከ መጨረሻው ቢከፍትላት ጎረቤት ተማረረ፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም "ጓድ፣ ስብሰባ እየረበሽክ ነው" ብሎ አስጠነቀቀው። ጁሀራ የሰማችው ግን ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ዜናውን ጆሮዋ ሥር እየጮኸ ይነግራት ጀመር።

በ1975 ዓ.ም. መስከረም ላይ ጎሹ የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር ከጎጃም ተመድቦ መጣና ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየ። አንድ ቀን ጁሀራ ግንባሯን ሬዲዮው ላይ አስደግፋ ንዝረቱን ስትፈልግ አያት። በሳምንቱ ወደ ከማለዲን ሱቅ ሄደ።

"አቶ ከማለዲን፣ ለእትዬ ጁሀራ አንድ ነገር ልሞክር አስቤ ነበር። ከሐሙስ ገበያ የጆሮ ማዳመጫ አግኝቻለሁ፤ የስልክ ሠራተኞች ይጠቀሙበት የነበረ አሮጌ ነው። ከሬዲዮው የሚመጣው ድምፅ ብቻውን ስለማይበቃት መሃል ላይ ትንሽ ማጉያ ልሠራ ነው። ሌላውን ዕቃ ከወዳደቀ ሬዲዮ ለቃቅሜአለሁ፤ የጎደለኝ አንድ ጠንከር ያለ ትራንዚስተር ነው። ይኖርዎታል?"

ነበረው። መሳቢያው ውስጥ በብጣሽ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እጁ ወደዚያው ሊሄድ ሲል፣ ይሄ ነገር ለእኔ እንዴት ሳይታየኝ ቀረ የሚል ሐሳብ መለሰው።

"የለኝም፣ መምህር" አለ። "አሁን ከየት ይገኛል?"

ጎሹ አመስግኖ ወጣ። በማግስቱ የራሱን ሬዲዮ ፈታና ትራንዚስተሩን ነቀለ። ማጉያውን ፕላስቲክ የሳሙና ዕቃ ውስጥ ገጣጠመው። የድምፁ መቆጣጠሪያ የጠርሙስ ክዳን ተደረገለት፤ የሚሠራውም በሁለት የባትሪ ድንጋይ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ማዳመጫውን ጁሀራ ጆሮ ላይ አድርጎ ክዳኑን ቀስ እያለ አዞረው። ጁሀራ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች፤ ቀጥሎ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ዱጋ? እውነት ነው?" ብላ ጮኸች። "ሰውዬው ስለ ገብስ እያወራ ነው! ከማል፣ ስለ ገብስ!"

እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ከዚያ ወደ ጎሹ ዞራ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ሳታቋርጥ መረቀችው። ከማለዲን ስድስት ዓመት ሲጦራት እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምቶ አያውቅም። "አልሐምዱሊላህ" ብሎ የወጣው ያኔ ነው።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሽቶ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ሬዲዮዋን ልታሠራ መጥታ፣ "ያ መምህር ይሄን ማየት ይችላል እንዴ?" አለችው፤ ክፉ አስባ አልነበረም። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበላ አለው። ማታ ቤት ሲገባ ጁሀራ ማዳመጫዋን አድርጋ ለብቻዋ ትስቃለች። ዜናውን ንገረኝ የምትለው ቀረ።

በኅዳር ጎሹ ለሁለት ሳምንት ሰሚናር ጎባ ሄደ። አንድ ጠዋት ጁሀራ ገበያ እንደወጣች ከማለዲን የሳሙና ዕቃውን ከፈተ። ለማየት ብቻ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ብየዳው ጎርባጣ፣ ሽቦው የተወሳሰበ ነበር። "ይህን ሁሉ ያስወራው እንግዲህ ይሄ ነው!" አለ። ጣቱን ከአንዲት ቀይ ሽቦ ሥር አስገብቶ ሳብ ሲያደርጋት ተነቀለች። ክዳኑን መልሶ ገጥሞ ወደ ሱቁ ሄደ።

ለምሳ ሲመለስ ጁሀራ ማዳመጫውን እንዳደረገች የጠርሙሱን ክዳን ወዲያ ወዲህ ታዞራለች።

"ሞተ" አለችው።

ደስታውን ጠበቀ፤ አልመጣም። "መምህሩ ሲመለስ ያይልሻል!" ብሎ ጮኸላት።

"ለምን መምህሩ? አንተ የለህም እንዴ?" ዕቃውን እጁ ላይ አኖረችው። "እሱ ሠርቶ ያመጣልኝ ቀን ውስጤ አዝኖ ነበር። ምነው ከማል በሠራው ብዬ።"

ከማለዲን ምሳውን ሳይነካ ወደ ሱቁ ተመለሰ። የተነቀለችውን ሽቦ ብቻ መመለስ ይበቃው ነበር፤ እሱ ግን ሁሉንም ፈታው። የጎሹን ሐሳብ ሽቦ በሽቦ ሲከተለው ቅናቱ ባሰበት፤ ብየዳው እንጂ ሐሳቡ እንከን አልነበረውም። ከመሳቢያው ያችን ትራንዚስተር አውጥቶ በጎሹ ትራንዚስተር ቦታ ተካት፤ ብየዳውንም እንደገና አሳምሮ ሠራው።

ጁሀራ ስታዳምጥ፣ "መንሿሿቱ ጠፋ! ካለፈው ይበልጣል!" አለች። እሱንም መረቀችው። ሲመኘው የኖረውን ምርቃት ዓይኗን ሳያይ ተቀበለ።

ጎሹ ሲመለስ ጁሀራ እጁን ይዛ ወንድሟ የሠራውን አሳየችው። ጎሹ ከፍቶ ሲያይ ትራንዚስተሯ የእሱ አይደለችም። ቀና ብሎ ከማለዲንን ተመለከተው።

"ከመሳቢያዬ ናት" አለ ከማለዲን። "ስትጠይቀኝም ነበረች። ሽቦዋንም የነቀልኳት እኔ ነኝ።"

ጁሀራ ያወሩትን አልሰማችም፤ ፊታቸውን እያፈራረቀች ታያለች።

"እኔ እኮ ሬዲዮዬን ከፈታሁ ወዲህ ዝም ባለ ክፍል ነው የማመሸው" አለ ጎሹ። "ዛሬ ይቅር ልበልዎት ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሬዲዮዬን ግን አመጣለሁ፤ ይሥሩልኝ።"

አመጣ፤ ተሠራለት። ለአንድ ወር ያህል ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም።

ጥር ላይ ለሜሳ የሚባል ገበሬ ጆሮው የደከመ አባቱን ይዞ ከዲንሾ በአውቶብስ መጣና ሱቁ በር ላይ ቆመ።

"ለጁሀራ የጆሮውን ነገር የሠራላት አንተ ነህ?"

"አዎ" የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሳ ነበር። ከማለዲን ሽማግሌውን አየ፤ መበየጃውን አስቀመጠ።

"የሠራው መምህር ጎሹ ነው" አለ። ግን አላስቻለውም። "ብየዳው የእኔ ነው።"

ለሜሳ ልዩነቱ አልገባውም። "ታዲያ መቼ እንምጣ?" አለ።

"ቅዳሜ ኑ" አለው ከማለዲን። "እሱንም እነግረዋለሁ።"