ክንፍ የሸፈናት ሴት

በስደት በምንኖርበት በቦናመስ ሰፈር ለአምልኮ በተከራየነው አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ መሰቀሉን ለምእመናን በሙሉ በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።

የሰቀለው የአዳራሹ ባለቤት ነው። የፎቶ ስቱዲዮ አለው፤ ለሙዚየም ሞተው የደረቁ ወፎችን ያነሳል፣ ሲለው ደግሞ ዳንሰኞችን። በዚህኛው ሁለቱን አንድ ላይ አንስቷቸዋል። ሴቲቱ ትከሻዋን ገልጣ እስክስታ ትመታለች፤ ፊቷን የሽመላ ክንፍ ሸፍኖታል።

ዘማሪያችን ሮማን እዚያ ስቱዲዮ እንደምትሠራ እናውቃለን። "ፑትሰን ነው፣ ወለል መጥረግ" ትለናለች። ዓለማዊ ጭፈራ የጨፈረ ከኳየር ይወጣል፤ ሮማን ደግሞ እዚህ አገር ከኳየሩ ሌላ ዘመድ የላትም።

ሽማግሌያችን ጋሽ ኃይለየሱስ ፎቶውን ጠጋ ብለው አዩት።

"ማነች ይቺ?"

"አናውቃትም" አልን በአንድ አፍ።

"የኛ ሰው አትመስልም፣ ጋሼ" አለች ሮማን።

"ወፏስ?" አለ ኪቦርድ የሚጫወተው ሲራክ።

"እሷማ ሞታ ተገላግላለች" አለች አሁንም ሮማን።

"በሉ፣ ላላወቅናት ሴት እንጸልይላት" አሉ ጋሽ ኃይለየሱስ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን።

"ጌታ ሆይ፣ ልጅህን ሮማንን ማራት" አሉ ጋሼ።

"አሜን!" አልን፣ ሞቅ አድርገን።

ዓይናችንን ስንገልጥ ሮማን የኳየር ጋውኗን እያወለቀች ነበር።