ጃፋር ከጁምዓ ሲመለስ

ከጎረቤት በር ሰማያዊው የብየዳ ብርሃን ብልጭ ሲል የሀፊሳ መሣሪያ ድርግም ብሎ ጠፋ። ተመልሶ ሲነሳ ማሳያው ላይ ሠላሳ ስድስት የነበረው ቁጥር ዜሮ ሆኗል።

ክው አለች። እሷና ባልደረባዋ ኣስመላሽ፣ ሓድነት ሰፈር በተከራዩት ጠባብ ክፍል የሠሩት፣ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ጨቅላዎች የሚሆን የማሞቂያ መቆጣጠሪያ ነው። ዛሬ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይገባና ማታውኑ አንድ ሕፃን ይተኛበታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ነርሷ ያዘዘችውን ሙቀት ከረሳ፣ ማሞቂያው አይነሳም።

«ቅድም ስንፈትነው አልፎ የለም እንዴ?» አለ ኣስመላሽ።

አልፏል። ግን የጎረቤታቸው የጃፋር ብየዳ መብራቱን ስለሚያናጋው፣ ቁም ነገር ያለውን ሥራ ሁሉ ዓርብ እሱ መስጊድ ሲሄድ መሥራት ለምደዋል። ዛሬም መብራቱ ጨዋ በሆነበት ሰዓት ራሳቸው በሥርዓቱ እያጠፉ ፈተኑት፤ እንደዚያ ሲጠፋ ደግሞ መሣሪያው ቁጥሩን ማከማቻ ካርዱ ላይ ጽፎ ነው የሚዘጋው። በድንገት ሲቋረጥ ያለችው መተማመኛ ቺፑ ውስጥ በትንሽ ባትሪ የምትጠበቀው ማህደረ ትውስታ ብቻ ናት።

ሀፊሳ የከርነሉን፣ ማለትም ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን ዋና ፕሮግራም፣ ምርጫዎች ከፍታ በዓይኗ ወረደች። ማህደረ ትውስታዋን የሚያነበውን ድራይቨር በእርግጥ አካትታዋለች፤ ነገር ግን ከከርነሉ ጋር ሳይሆን ለብቻው፣ ካርዱ ላይ። ስለዚህ እሱ ከካርዱ እስኪጫን የሙቀቱ ፕሮግራም ቀድሞት ይነሳና ባዶ እጁን ይቀራል። በራሷ ተናደደች። ድራይቨሩን ከከርነሉ ጋር አዋህዳ እንደገና መገንባት ጀመረች።

ውጭ የታክሲው ጡሩምባ ይጮኻል።

«በሊ ሓፍተይ፣ ፍጠኚ! ኲሓ አየር ማረፊያ ሳንደርስ መቀበያው ይዘጋብናል!» አለ ሾፌሩ።

አዲሱን ከርነል ጭና፣ ሠላሳ ስድስትን መልሳ አስገባችና ወደ በሩ ሮጠች። «ጃፋር! በይድ!»

«ወላሂ፣ ምን ነካሽ? ሁልጊዜ አቁም አይደል እንዴ የምትይኝ?»

«በሞቴ በይድ!»

ብርሃኑ ብልጭ አለ። አምፖሉ ደከመ፤ ማሳያው ጠፋ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፣ ከነሱም በኋላ ቁጥሩ። ሠላሳ ስድስት።

ኣስመላሽ «ተመስገን!» ብሎ መሣሪያውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። እሷ ግን መዳፏን ጫነችበት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የያዘው።»

«አውሮፕላኑስ?»

እጇን አላነሳችም። ወደ በሩ ዞራ ጮኸች።

«ጃፋር፣ ድገመው!»