ያልተኛበት ፊልም

ሹፌሩ ሲኒማ ቤት ገብቶ ሳይተኛ የወጣበት ቀን አልነበረም። መብራቱ ከመጥፋቱ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል። ሳምንቱን ሙሉ በአውቶቡስ ሰው ሲያመላልስ የከረመ ሰው ጨለማና ለስላሳ ወንበር ሲያገኝ ምን ያድርግ? ሚስቱ ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ፊልም ካላየች እሁዱ እሁድ አይመስላትም። ስለዚህ ተስማምተዋል፤ እሷ ታያለች፣ እሱ ይተኛል፣ ወደ ቤት ሲሄዱ ትተርክለታለች። እሱም አያፍርም፣ "መጨረሻው ግን አላሳመነኝም" ይላታል።

የዛሬውን የመረጠችው ፖስተሩን አይታ ነው። ግድብ፣ ጥቁር ደመና፣ የሚሸሽ ሕዝብ።

"ዛሬ እንኳ ጩኸቱ አያስተኛህም" አለችው።

ማን ጮኾ! አንድ የግድብ ጠባቂ ሻይ ጣደ፤ ሻዩ እስኪፈላ ካሜራው ንቅንቅ አላለም። ጠጣ፣ ብርጭቆውን አጠበ፣ ግድግዳውን አየ። ከኋላ አንዱ "ኧረ ግድቡን ልቀቁት!" ብሎ ሰውን አሳቀና ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። ፀጉር ሠሪዋ አሁን ይጀምራል፣ አሁን ይጀምራል ስትል እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ።

ስትነቃ መብራት በርቷል። ባሏ ዓይኑን አፍጥጦ ባዶውን ሸራ ያያል።

"ፈረሰ እንዴ?" አለችው።

"ግድቡ? አላሳዩንም።"

መንገድ ላይ ሳቋ መጣ። "በል ዛሬ ተራው ያንተ ነው፤ ተርክልኝ።"

እሱ ግን አልሳቀም። "የጠባቂው ክፍል አንዱ ግድግዳ ራሱ ግድቡ ነው፤ እሱ ላይ ስንጥቅ አየ" ብሎ ጀመረ። "ካላንደር ሰቀለባት። ማታ ሚስቱ 'እንዴት ዋልክ?' አለችው፤ 'ሰላም ነው' አላት። በማግስቱ ካላንደሩ ረጥቧል። ሌላ ሰቀለ። 'እንዴት ዋልክ?' 'ሰላም ነው።'"

"ሁለት ሰዓት ሙሉ ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ምን ዓይነቱ ጅል ነው! ከግድቡ በታች ስንት ሕዝብ አለ፤ ለአለቃው አይናገርም?"

"ቢናገር ከሥራ ያስወጡታላ።"

"ይውጣ! ሰው ከሚያልቅ እሱ ሥራ ቢፈታ አይሻልም?"

ሹፌሩ አንድ የተዘጋ የጫማ መደብር በር ላይ ቆመ።

"ቀኝ ዓይኔ አያይም" አለ።

ቀልድ መስሏት ነበር። ፊቱን ስታየው ግን ቀልድ የለበትም።

"ከጀመረኝ ከርሟል፤ ጭጋግ ነው። ማክሰኞ አንዲት ሴትዮ በቀኝ በኩል መንገድ ስትሻገር አላየኋትም። ተሳፋሪው ሲጮህብኝ ነው ፍሬን የያዝኩት። ለጥቂት ተረፈች።"

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። በየማታው እንዴት ዋልክ እያለችው፣ በየማታው ሰላም ነው ሲላት ኖሯል! ቀጥሎ ያ ሁሉ ተሳፋሪ ትዝ አላትና ፈራች። ሰውዬው ይህን ሁሉ ብቻውን ይዞት መክረሙ ደግሞ አሳዘናት። ለየትኛው እንደምታለቅስ ስላላወቀች አላለቀሰችም።

"ግራውስ?" አለችው።

"ግራው ደህና ነው።"

"ነገ የምትነዳው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"አትነዳም።"

"ሌላ ምን አውቃለሁ? ከመሪ ውጭ የያዝኩት ነገር የለም እኮ።"

"እሱን አብረን እናስብበታለን። አሁን ለስምሪት ኃላፊው ደውል።"

"አንቺ ንገሪልኝ።"

"እኔን በድምፅ አያውቀኝም፤ ብነግረው ምቀኛ ያወራብህ ይመስለዋል። ራስህ ንገረው፤ እኔ እዚሁ አለሁ።"

ሹፌሩ ስልኩን አወጣ። ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ መልሶ አራቀው፣ ወደ ግራ ዓይኑ አዞረው። ስሞቹን በአውራ ጣቱ ወደ ታች ገፋ፣ ወደ ላይ መለሰ፣ እንደገና ወደ ታች ገፋ። የኃላፊው ስም በፊቱ ሲያልፍና ሲመለስ ሚስቱ ከጎኑ ቆማ ታያለች።

"እስቲ ፈልጊልኝ" አለ በመጨረሻ።

ስለ ግራው ዓይን ዳግመኛ አልጠየቀችውም። ቁጥሩን አውጥታ ደወለችና ስልኩን በእጁ አስያዘችው።