ቆመው የቀሩ ሽማግሌዎች

ታናሽ እህቴ ጸደንያ ገበታ የገለበጠችው በእንግዶች ፊት ነው። አባዬ ስልኳን ከእጇ ነጥቆ አንድ ልጅ የላከላትን መልእክት ጮክ ብሎ አነበበ፤ እሷም ትሪውን ከነወጡ ደፋችው። የግድግዳው እድፍ እስካሁን አለ። በማግስቱ ቢቸናን ጥላ ሞጣ፣ አክስታችን ፈንታነሽ ዘንድ ሄደች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

አባዬ አልተቆጣም። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ እናታችን ስታርፍ እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰም። «ተዋት» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስሟን አላነሳም። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሳይኮሎጂ ስለሆነ ነገሩ ግልጽ መሰለኝ። እህቴ ፍሬኑ ገና ያልተገጠመ አይሱዙ ናት፤ የአባዬ ፍሬን ግን ይሠራል። አለቀ።

ከዚያ የሞጣ ስልክ ተቋረጠ። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። አባዬ በየቀኑ መናኸሪያ ይወርድ ጀመር። «ወዴት ነው?» ስለው «ጋዜጣ ልገዛ» ይለኛል። ቢቸና መናኸሪያ ውስጥ ጋዜጣ የሚሸጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ፀሐይ ሳትወጣ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጎረቤታችን ቄስ ወልደ ኪዳን፣ ከጎናቸው አንድ የማላውቃቸው ባለ ቆብ ሽማግሌ፣ ከኋላቸው ሁለት የሰፈር ሰዎች፤ ሁሉም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። እዚህ አገር ሰው በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ ከመጣ መርዶ ይዞ ነው። በሩን መልሼ ዘጋሁባቸው።

«ኧረ ክፈቺ፣ አንቺ ልጅ! ብርድ ነው!» አሉ ቄሱ።

አባዬ ራሱ ከፈተ። «ይግቡ አባ። ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም።»

«ምነው?»

«የመጣንበት ጉዳይ አያስቀምጥም። ስለ ልጅህ ነው፣ አካለ ወልድ። እኚህ ሐጂ ሙሐመድሸሪፍ ይባላሉ፤ ከሞጣ ነው የመጡት…»

ቄሱ ነገር ሲጀምሩ ከአዳም ነው። አባዬ አልጠበቀም። «ልጄን!» ብሎ ጮኸ፤ ደረቱን እየመታ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ምን አባቴ አድርግ ብሎኝ ነው ስልኳን የነካሁት! ልጄን እኔ ነኝ የገደልኳት!» ስለ አባዬ ፍሬን ያልኩትን እዚህ ላይ መልሼ ወስጃለሁ። እኔም ግድግዳውን ይዤ አለቅሳለሁ።

ያኔ ጸደንያ ከአጥሩ ጀርባ ሮጣ ገባች፤ ይቅርታ ልትጠይቅበት የተሸከመችው ድንጋይ አንገቷ ላይ ነው። «አባዬ! አለሁ! አልሞትኩም!» ብላ ድንጋዩን ስትለቀው ሐጂ እግር ላይ አረፈ።

«ያ አላህ! መርዶ ካስፈለጋችሁ ለጣቴ አልቅሱ!» አሉ ሐጂ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ።

ለካ ለዕርቅ ነው የመጡት። ሐጂ የአክስቴ ጎረቤት ናቸው፤ መንገዱ ሲከፈት በመኪናቸው ይዘዋት መጥተው ቄሱ ቤት አድረዋል። አባዬ ወደ መናኸሪያ ሳይወጣ ሊደርሱበት ማልደዋል። ሽማግሌ ደግሞ የለመነው ካልተሰጠው አይቀመጥም። እንዲያ ቆመው መርዶ ነጋሪ እንደሚመስሉ ከአራቱ አንዱ እንኳ አላሰበም።

አባዬ እህቴን አቅፎ ቆየ። ከዚያ እንባውን ጠረገና ሰው እያየው መሆኑ ትዝ ሲለው ፊቱን ኮስተር አደረገ። «ቢሆንም፣ ገበታ መገልበጥ…»

የጸደንያ አፍንጫ ተነፋ። አውቃታለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ትሪ ነው። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አነሣችና መልሳ አንገቷ ላይ አደረገችው።

«ሐጂ መንገድ ላይ ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ንዴት ሲመጣብሽ እጅሽን ባዶ አታድርጊው።› ደግሞ ከባድ ነው አባዬ፣ ቶሎ በል።»

«ቆመን ቀረን እኮ፣ አካለ ወልድ» አሉ ቄሱ።

አባዬ ድንጋዩን ከአንገቷ አወረደላት። «እኔም ማንበብ አልነበረብኝም። ይቅር ብያለሁ፤ አንቺም ይቅር በይኝ። በሉ ተቀመጡ!»

አራቱም በአንድ ጊዜ ሲቀመጡ አግዳሚ ወንበሩ ተንቋቋ። ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩ። ሁሉም መብላት ሲጀምር አባዬ ብቻ አልቆረሰም፤ የትሪውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዟል።

«ብላ እንጂ» አለችው ጸደንያ አፏ እንደ ሞላ።

«አንቺ ብዪ» አለ አባዬ። «እኔ ይዤልሻለሁ።»