ሱራፌል ዕቃ ሊያደርስ ሄዷል

በዓለም ላይ የማያስነጥስ ሰው የለም። የዚህ የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ግን ሲያስነጥሳቸው ለብቻው ነው። ፎቅ ላይ ሆነው አንዴ «ሃፕሹ!» ካሉ፣ ታች ያለው ቁም ሣጥን በሩን ይበረግዳል፣ መሳቢያው ሁሉ ምላሱን ያወጣል፣ ሙጫው ያልደረቀለት ወንበርም አራት እግሩን ጥሎ መሬት ይቀመጣል። አንድ ጊዜማ አልጋ ተነሥቶ በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ ይባላል። ያየ የለም፤ ውሸት ነው ያለም የለም።

ጠላታቸው የመጋዝ ብናኝ ነው። ስለዚህ እትዬ፣ ሠራተኛው ሁሉ የሚጠራቸው እንዲህ ነው፣ ወደ ታች አይወርዱም። ከደረጃው አናት ላይ ቆመው ስም ይጠራሉ፤ ከታች «አቤት!» ይባላል፤ ያለቀው ዕቃ በሸክም ይወጣላቸዋል። መነጽራቸውን የሚያደርጉት ደግሞ ለዕቃው እንጂ ለተሸካሚው አይደለም። ከሠራተኞቻቸው መካከል በመልክ የሚያውቁት አለቃውን ብቻ ነበር። አለቃውም በቅርቡ እርጅና ተጫጭኗቸው ልጃቸው ዘንድ ሊጦሩ ሄዱ።

ከታች ካሉት አንዱ ቫርኒሽ ቀቢው ነው፤ ብሩሽ ይሉታል። ፀጉሩም እንደቆመ ስለሚያድር ስሙ ሁለት ጊዜ ይገባዋል።

ብሩሽ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በር። ቁልፍ ያለው፣ እሱና ሚስቱ ከውስጥ ሆነው የሚዘጉት በር። የሚኖሩት አማቱ ቤት ነው፤ አንዷን ክፍል ለሁለት በመጋረጃ ከፍለው። አማት ደግሞ ጆሮ ናቸው፤ የቀረው ሰውነታቸው ጆሯቸውን እንዲሸከም የተሠራ ነው። ብሩሽ በህልሙ ቢስቅ ከመጋረጃው ወዲያ «ደግሞ ምን አግኝቶ ነው?» ይላሉ። ለሚስቱ አንድ ጣፋጭ ቃል ሹክ ቢላት ጠዋት ቁርስ ላይ ታርሞ ይመለስለታል።

ከእንጨት ቤቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች የአለቃው መኖሪያ ናቸው። አለቃ የሆነ ይገባባቸዋል። እትዬ ከሠራተኞቹ አንዱን አለቃ እስኪያደርጉ ባዷቸውን ነው ያሉት።

«ቁልፉን ይዘህ ና» አለችው ሚስቱ፣ ግማሹን በአፏ ግማሹን በእጇ፣ መጋረጃው እንዳይሰማ። «ሳትይዝ ከመጣህ ግን ከእናቴ ጋር ተነጋገሩ፤ እኔ የለሁበትም።»

ታዲያ ነገሩ የተበላሸው በመስታወት ነው። ብሩሽ የቀባውን ጠረጴዛ ሊያደንቅ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ሲያፈገፍግ፣ በመቀመጫው የቁም ሣጥን መስታወት ላይ አረፈ። ድምፁ ፎቅ ደረሰ።

«ማነው የሰበረው?» አሉ እትዬ ከላይ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ሥራ በዛበት። ቀጭኑ አናጺ፣ ሚስማር የሚሉት፣ የገባውን ምስማር እንደገና ይመታ ጀመር። ሶፋ የሚያለብሰው ወፍራሙ ስፖንጅ ጭንቅላቱን ሶፋው ውስጥ ከተተ። ብሩሽ «እኔ ነኝ» ቢል አለቅነቱ ከመስታወቱ ጋር ሊጠረግ ነው። የጓደኛ ስም ቢጠራ ደግሞ ማምሻውን ይደበደባል።

«ሱራፌል ነው!» አለ። ስሙ ከየት እንደመጣለት እሱም አያውቅም። ሰው ሲጨንቀው መልአክ ይጠራል አይደል?

«ሱራፌል ደግሞ ማነው?»

«አዲሱ ነዋ፣ እትዬ። አለቃ ሊሄዱ ሲሉ የቀጠሩት።»

 ስፖንጅ ጭንቅላቱን ከሶፋው ውስጥ አወጣ።

«የመልአክ ስም ይዞ» አሉ እትዬ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሆን ብሎ አይሰብርም። ደንግጦም ይሆናል። አይዞህ በሉት። ውኃ ስጡት።»

ሚስማር የሱራፌልን ውኃ ጠጣለት። ስፖንጅ ሳቁን በስፖንጅ አፈነ።

ከዚያ ወዲያ በሱራፌል እንጀራ በሉበት። ማንም ከማንም አላስፈቀደም፤ እንደ ጋራ መዶሻ ነበር፣ የፈለገ ያነሣዋል። ያረፈደ ሰው «ሱራፌል አሞት ሐኪም ቤት አድርሼው ነው» ይላል። ቶሎ መውጣት የፈለገ «ሱራፌልን ልሸኘው» ይላል። ሚስማር የጠፋበትን መጋዝ ሱራፌል ተውሶት ሄደ። እትዬ ሲጠሩት ሱራፌል ዕቃ ሊያደርስ ሄዷል። ስፖንጅማ ስሙን ወደ ቤቱ ይዞት ገባ፤ ሚስቱ «ከማን ጋር ስትዞር አመሸህ?» ስትለው «ከሱራፌል ጋር» አላት፤ «እሱ ከሆነስ ይሁን» ብላ ውኃ አሞቀችለት። የጎረቤቱ ውሻ ሳይቀር፣ ያ ጎማ የሚነክሰው፣ «ዝም በል፣ ሱራፌል መጣ!» ሲሉት ጅራቱን እግሩ መሀል ከትቶ ይቀመጣል ብለው ያወራሉ። ክፍያው የሚሰጠው ላለቀ ዕቃ ለሁሉም ባንድነት ስለሆነ፣ እትዬ የሰው ብዛት አይጠይቁም።

ብሩሽ እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራ። የሠራው ግን ወዶ አይደለም። እትዬ የሱን ቅብ ወደው አያውቁም። «ብሩሽ፣ ይኼ ቫርኒሽ ነው ወይስ ቀጭን ሻይ?» ይሉታል። በሌላ ቀን «ብሩሽ፣ ወንበሩን ነው የቀባኸው ወይስ ዝንቦቹን?» ይሉታል። አንድ ቀን ስምንት ጊዜ አሽቶ፣ ስምንት ጊዜ ቀብቶ፣ ፊት የሚያሳይ ወንበር አወጣና መላኩን ፈራ።

«በሱራፌል ስም ላከዋ» አለው ሚስማር።

ላከው። ከዚያ «እንዲህ ነው እንጂ!» የሚል ድምፅ ወረደ። «እናንተ ሰዎች ኑና እዩ! እጁ ይባረክ! ብሩሽ፣ አንተ ሰነፍ፣ ሰምተሃል? ከሱራፌል ተማር!»

«አቤት እትዬ» አለ ብሩሽ፣ ጣቱ እንኳ ገና አልደረቀም።

ሙገሳ ጣፋጭ ነው፤ በሌላ ሰው ስም ቢመጣም ትንሽ ይጣፍጣል። ብሩሽ ጥሩ ጥሩ ሥራውን ሁሉ በሱራፌል ስም ይልክ ጀመር። ሱራፌል ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ በኋላ ጥፋት የማይደርስበት ቦታ ደረሰ። ጥፋት ግን ባለቤት ይፈልጋል። መሳቢያ ሲጣመም ሚስማር «ብሩሽ ነው» አለ። ጨርቅ ሲቀደድ ስፖንጅ «ብሩሽ ነው» አለ። ምነው ቢላቸው፣ «አሁን ሱራፌል ነው ብንላቸው ያምናሉ? አንተ ነህ ያስወደድከው» አሉት።

እትዬ አለቃ የሚመርጡበት ጠዋት መጣ። ብሩሽ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ ደረጃው ሥር ቆመ።

«በሙያው የሚበልጣችሁን፣ በጠባዩ የማይገኝለትን መርጫለሁ!» አሉ። «ሱራፌል!»

ማን ይመልስ? የብሩሽ ፀጉር አንድ በአንድ ተነሣ።

«ዕቃ ሊያደርስ ሄዷል፣ እትዬ» አለ ሚስማር በቀጭን ድምፅ።

«አያችሁ! ሲመሰገን ይሸሻል። ትሑት ነው።» የሁለቱ ክፍሎች ቁልፍ በሲባጎ ታስሮ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ የብሩሽ አፍንጫ ፊት ደርሶ ተንጠለጠለ። «እሱ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው!»

ማታ ብሩሽ ባዶ እጁን ገባ። ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት፤ መስታወቱን፣ ውኃውን፣ ወንበሩን። ሹክሹክታውን እንኳ ረሳው።

«ታዲያ ይኼ ሱራፌል የት ነው የሚኖረው?» አለች።

«የትም።»

«ሚስት አለችው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ የለም እያልኩሽ ነው! እኔ ነኝ የፈጠርኩት!»

ሚስቱ አየችው። «እና የሌለ ሰው በለጠህ?»

ከመጋረጃው ወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እኔ ድሮም ብዬሻለሁ» አሉ አማት።

በነጋታው ብሩሽ ወገቡን አስሮ ፎቅ ወጣ፤ እውነቱን ሊናገር። ሱራፌል የሚባል የለም፣ ወንበሮቹ የኔ ናቸው፣ መስታወቱንም የሰበርኩት እኔ ነኝ አለ። እትዬ መነጽራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው አደረጉ።

«ጥሩ ሰው ባለበት» አሉ፣ «ቀናተኛ አይጠፋም።»

«እትዬ፣ ይውረዱና በዓይንዎ ይዩኝ! እፊትዎ ወንበር ልቀባ!»

እትዬ ወረዱ። እርጥብ ፎጣ ፊታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ሚስማር በቀኝ ስፖንጅ በግራ ደግፈዋቸው፣ ሥራ ክፍሉ መሀል ተቀመጡ። መጋዙ ቆመ፤ መዶሻው ቆመ። ብሩሽ ያልተቀባ ወንበር ጎተተና ጀመረ። በወረቀት አሸ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ በስሱ ቀባ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ እንደገና አሸ። እንዲያ ሠርቶ አያውቅም። ላቡ እንጨቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ስፖንጅ ግንባሩን ይጠርግለት ነበር። ወንበሩ እያበራ፣ እያበራ ሄዶ በመጨረሻ የእትዬን ፎጣ አሳየ።

እትዬ ጎንበስ ብለው ዳሰሱት። ዓይናቸው ውኃ ሞላ።

«እኔስ አላመንኩም ነበር» አሉ። ብሩሽ ልቡ ዘለለ። «አንተን የመሰለ ደንቆሮ! ሱራፌል ምን ያህል ታግሦ ቢያስተምርህ ነው?»

«እትዬ...»

«ዝም በል፣ መካድ አያስፈልግም። የተማረ ሰው መምህሩን አይክድም። ከዛሬ ጀምሮ እሱ በሌለ ጊዜ ምክትሉ አንተ ነህ።»

«እሱ እኮ ሁልጊዜም የለም!»

«እንግዲያው ሁልጊዜም ምክትል ነህ» አሉና አስነጠሳቸው። ያን ቀን የተከፈቱትን መሳቢያዎች ለመዝጋት ሦስት ሰው ሙሉ ከሰዓት ፈጀበት።

ብሩሽ የምሥራቹን ይሁን መርዶውን ሳያውቅ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ግን ጨርቅ መጠቅለል ጀምራለች።

«ምክትል ማለት በሌለበት የሚተካ ማለት አይደል?»

«ነው።»

«ሱራፌል ቤቱ ገብቶ ይተኛል?»

«እንዴት አድርጎ ይተኛል!»

«እንግዲያው አንተ ተኛለታ!»

የተንጠለጠለውን ቁልፍ ወስደው ገቡ። እትዬ የድስት ድምፅ ሰምተው በጓሮ መስኮት «ማነው እዚያ?» ቢሉ፣ ሚስቱ አንገቷን ብቅ አድርጋ «የሱራፌል እንግዶች ነን፣ እትዬ!» አለች። «አይ ሱራፌል! ደግነቱ!» ብለው መስኮታቸውን ዘጉ። ብሩሽ በሩን ቆለፈ፣ ከፈተ፣ ደግሞ ቆለፈ። ሚስቱን «ማሬ» አላት፣ ጮክ ብሎ። ማንም አላረመውም። ደግሞ «ወለላዬ» አላት። ምንም። እንዲያ እያለ የሚያውቀውን ሁሉ ጨርሶ ከራሱ ይፈጥር ጀመር።

ሰላሙ የቆየው አማት ፍራሻቸውን በእጅ ጋሪ ጭነው እስኪመጡ ነው።

«ብቻዬን ሆኜ ምን እሰማለሁ?» አሉ። «ሁለት ክፍል አላችሁ። አንዱን ልቀቁልኝ።»

ሚስቱ በሩን ግማሽ ያዘችው። ብሩሽ ከኋላዋ ሆኖ ዓይኑን ጨፈነ።

«እማዬ» አለች እንደ ማር፣ «እኛማ ደስታችን ነበር። ቤቱ ግን የኛ አይደለም፤ የሱራፌል ነው። እሱ ደግሞ ሰው ሲበዛበት አይወድም። ምን እናድርግ?»

ብሩሽ ሚስቱን የዚያን ጊዜ የወደዳትን ያህል ወዷት አያውቅም። የሱራፌል ስም ለዚህም ይሆናል ብሎ አላሰበም ነበር።

አማት ልጃቸውን አዩ፤ አማቻቸውን አዩ። አልተቆጡም። ብሩሽን ያስደነገጠው ይኼ ነው። መቀነታቸውን አጠበቁ፣ ወደ ፎቁ መስኮት ቀና አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የቤቱ እመቤት!»

መስኮቱ ተከፈተ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ!» አሉ አማት። «የሱራፌል እናት!»

ሥራ ክፍሉ ውስጥ መጋዙ በግማሽ እንጨት ላይ ቆመ። ሚስማርና ስፖንጅ በበሩ ጭንቅላታቸውን አወጡ። ብሩሽ ሱራፌል እናት የለውም ቢል፣ ቤቱ የማነው ሊባል ነው።

«የሱራፌል እናት!» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ወይ የኔ ነገር! እንዲህ ያለውን ልጅ የወለደች እናት በር ላይ ትቆማለች? ይግቡ እንጂ! ብሩሽ! ትልቁ ክፍል ለእናታችን ይሁን! እናንተ እንግዶቹ ማድ ቤት የሆነችው ክፍል ጥግ ይበቃችኋል!»

«ዕድሜ ይስጥልኝ» አሉ አማት ጎንበስ ብለው።

«ልጅዎ ግን የት እየሄደብን ነው? አንድ ቀን እንኳ ሳላየው?»

አማት ብሩሽን ከእግር እስከ ራሱ፣ እስከ ቆመው ፀጉሩ ድረስ አዩት።

«የኔ ልጅ እንደ ሌላው አይደለም፣ እመቤቴ፤ ሲሠራ እንጂ ሲታይ አይወድም። ለጊዜው ይኼኛው ፍራሼን ያስገባልኝ።»

«ምን ቆመሃል፣ ምክትል!» አሉ እትዬ ከላይ።

ብሩሽ የፍራሹን አንድ ጫፍ አነሣ። ሚስቱ ከንፈሯን ነክሳ ሌላውን ጫፍ ያዘች።

«በእርስዎ በኩል ከፍ!» አሉት አማት፣ ከሠርጉ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደማያውቁት ሰው አንቱ ብለው፣ እትዬ እየሰሙ ነውና። «የሱራፌል እናት ፍራሽ መሬት አይነካም።»