ሁለት ጊዜ እምቢ

ቅድስትን መጥላት አይቻልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞክሬ አቅቶኝ ነው ይህን የምለው። ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ከገባችበት ቀን ጀምሮ እናቴ አፏን በከፈተች ቁጥር ወሬው ቅድስት ነው። ቅድስት ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም። ቅድስት ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። ቅድስት ማንም ሳይነግራት ቤቱን ታጸዳለች። እኔ ዮርዳኖስ ደግሞ በአምስት ዓመቴ አቡ ዳቢ የመጣሁ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ዓይኔን ከስልኬ ላይ የማላነሳ፣ አሥር ጊዜ ተነግሮኝም ክፍሌን የማላጸዳ ሰው ነኝ።

የእኔ እናት ዝናሽና የእሷ እናት እትዬ ሸዋዬ አል ሙሽሪፍ ቤተ ክርስቲያን ተዋውቀው እንደ እህት ሆነዋል። ስለዚህ ከቅድስት የማመልጥበት ቦታ አልነበረኝም። ክፍል ውስጥ አለች፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አለች፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ሳሎን አለች። ለሆሣዕና ወለሉ ላይ ተቀምጠን ዘንባባ ስንሠራ የእኔ ቀለበት ጣት ላይ ሳይደርስ ይፈታል። እሷ ግን ወሬ እያወራች፣ እጇን እንኳ ሳታይ፣ ለአንድ ረድፍ ሰው ሠርታ ትጨርሳለች። እናቶች ጣታቸውን ዘርግተው ይሰለፉላታል። አንድ ዓመት የራሴ እናት ከነሱ ጋር ተሰልፋ አየኋት። እኔ የሠራሁላትን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች።

ቅናት ነው። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች አካባቢን የማይጎዳ የንግድ ሐሳብ የሚያቀርቡበት ውድድር ውስጥ ገባ። ደስ ያለኝ ደስታ! ዘንባባ የለ፣ መዝሙር የለ፤ ኮምፒውተር፣ እንግሊዝኛና መድረክ ብቻ። ይህ የእኔ ሜዳ ነው አልኩ። ሐሳቤም ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። አል ኻሊዲያ የምንኖርበት ሕንፃ ኤሲዎች በበጋ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያንጠባጥባሉ። ያንን ውሃ በቱቦ ሰብስቦ ለመናፈሻ ተክሎች መሸጥ ነው። አባቴ ታምሩ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ስለሆነ የቱቦውን ንድፍ አብሮኝ ሠራ፣ ቁመቴን የሚያህል ፖስተር አሳተመልኝ።

ቅድስት ምን ይዛ መጣች? ፌስታል ሙሉ የቴምር ዛፍ ቅጠል። አል ዓይን ያሉ እርሻዎች በየዓመቱ ቆርጠው የሚጥሉትን ቅጠል እንደዚያ እንደ ሆሣዕናው ቀለበት እየጎነጎነች ችግኝ የሚፈላበት ትንንሽ ዕቃ ሠርታለች። ችግኙ ሲጠነክር ከነዕቃው መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ቅጠሉ በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ጥቁሩ የፕላስቲክ ከረጢት ይቀራል። አንዱ ውስጥ የቲማቲም ችግኝ ነበረበት። መምህራችን ሚስተር ፈሪድ የእኔን ፖስተር አይተው "ቬሪ ናይስ" አሉ። የእሷን ቲማቲም ሲያዩ ግን ምንም ሳይሉ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ዕቃውን አንስተው እያገላበጡ ቆዩ። ልዩነቱ ገብቶኛል።

ለፍጻሜው ከትምህርት ቤታችን ሁለታችን ተመረጥን።

ወደ አል ዓይን ከመሄዳችን ሳምንት ቀደም ብሎ ቅድስት ካንቲን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ሳንድዊቿን ሳትነካ አለቀሰች። አባቷ በሕይወት የለም። እናቷ ባሕሩ ዳር፣ ኮርኒሽ አካባቢ ባለ ሆቴል ኬክ ይሠራሉ፤ ሆቴሉ የልጅ ትምህርት አይከፍልም። ከእንግዲህ ስለማይችሉት፣ አሥራ ሁለተኛን አዲስ አበባ አጎቷ ደረጀ ቤት ሆና እንድትጨርስ ወስነዋል። "እማዬን ብቻዋን ትቻት..." አለችና አልጨረሰችውም። ቀጥላ "ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለእትዬ ዝናሽም ቢሆን። እማዬ ራሷ እስክትነግራቸው" አለችኝ።

አቀፍኳት። እያቀፍኳት በልቤ ምን እንዳልኩ ልናገር? ከመስከረም ጀምሮ እፎይ እላለሁ አልኩ።

ፍጻሜው የተካሄደው አል ጃሂሊ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ነው። እትዬ ሸዋዬ ፈረቃ የሚቀይራቸው አጥተው ቀሩ፤ ሁለታችንንም እናቴ በመኪናዋ ወሰደችን። መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ፖስተሬ ያበራል፣ ሁሉም ነገር እንዳሰብኩት እየሄደ ነበር። ከዳኞቹ አንዷ፣ እዚያው አል ዓይን በመስተዋት ቤት ውስጥ አትክልት የሚለማበት ትልቅ እርሻ የምታስተዳድር ቀጭን ሆላንዳዊት፣ "የሕንፃው ባለቤት ቱቦ አላስዘረጋም ቢልሽስ?" ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ ማለቴ ነው። እሱን አላሰብኩበትም። የሆነ ነገር መለስኩ፤ ምን እንደነበረ ዛሬም አላስታውሰውም።

ቅድስት ወጣች። ድምጿ ከማይክሮፎኑ ጋር እንኳ ቀስ ያለ ነው። ለእያንዳንዱ ዳኛ አንድ አንድ ዕቃ አደለችና "እስቲ ቅደዱት" አለቻቸው። ሆላንዳዊቷ ጎተተችው፣ ጠመዘዘችው፣ በመጨረሻ በጥርሷ ሞከረችው፤ አልተቀደደም። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ።

ዋንጫውን የዱባይ ልጆች ወሰዱት። እኛም እንደ ሌላው ምስክር ወረቀታችንን ይዘን መድረኩ ላይ ተሰልፈን ሳለ ሆላንዳዊቷ ማይክሮፎን ይዛ ተነሳች። ያልተጠበቀ ነገር ነበር። ድርጅቷ ለአንድ ተማሪ በጋውን በእርሻው ሐሳቡን በተግባር የሚሞክርበት ቦታ እንደሚሰጥ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የትምህርት ቤት ክፍያውንም እንደሚችል ተናገረች። ከዚያ ቅድስትን ወደ ፊት ጠራቻትና "ይህን ለአንቺ ልሰጥሽ እፈልጋለሁ" አለቻት።

ቅድስት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋች። "ኖ፣ ኖ፣ ቴንክ ዩ። ይህ ለእኔ ብዙ ነው" አለች።

የእኛ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። ይህ እኮ እምቢታ አይደለም። እናቴ ገና ከልጅነቴ ያስጠናችኝ ነገር ነው። ሰው ቤት ሄደሽ ሲያቀርቡልሽ "አይ፣ በልቻለሁ" ትያለሽ። ሲደግሙልሽ "እውነቴን ነው" ትያለሽ። ሦስተኛ "በሞቴ" ሲሉሽ ያን ጊዜ ትቀበያለሽ። ገና በመጀመሪያው እጁን የሚዘረጋ ስግብግብ ነው፣ ያውም በሰው ፊት። ቅድስት ደግሞ ለወግ ሲሆን ማን ይችላታል!

ሆላንዳዊቷ በእውነቱ ጥሩ ሰው ናት፤ ደግማ ጠየቀቻት። "እርግጠኛ ነሽ?" አለቻት። ቅድስት የባሰ አንገቷን ደፍታ "እውነቴን ነው፤ ከእኔ የሚሻል ሰው ይኖራል" አለች። ጆሮዋ ደም መስሎ ነበር። ሦስተኛውን እየጠበቀች እንደሆነ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእናቴ በቀር ሊገባው የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ የቅድስት ቀስ ያለ ድምፅ እዚያ አይደርስም።

ሴትዮዋ ግራ ገባት። ቅድስት ወደ ሰልፉ ተመልሳ ከእኔ ሁለት ሰው አልፋ ቆመች። ሴትዮዋ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ ጠጋ አለችና በዝግታ "የአንድ አገር ልጆች ናችሁ አይደል? በትሕትና ነው እንዲህ የምትለው ወይስ ከልቧ ነው?" አለችኝ።

እንደዚህ በግልጽ ነው የተጠየቅሁት። ሳይገባኝ ነው እንዳልል ገብቶኛል። ተደናግጬ ነው እንዳልልም አልደነገጥኩም። ካንቲን ውስጥ ያለቀሰችው ልቅሶ ትዝ ብሎኛል። የሚስተር ፈሪድም ወንበር ትዝ ብሎኛል፣ የእናቶቹም ሰልፍ።

"ከልቧ ነው" አልኩ።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ከቅድስት ቀጥሎ የወደደችው ፕሮጀክት የእኔ እንደሆነ ነግራኝ ዕድሉን ለእኔ አቀረበችልኝ። አረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ "የስ!" አልኩ። ቅጽ ፈረምኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ። ቅድስት አጨበጨበችልኝ።

ወደ አቡ ዳቢ ስንመለስ ቅድስት የተረፉትን ዕቃዎች ጭኗ ላይ ይዛ ከኋላ ተቀመጠች። እናቴ "እንኳን ደስ አለሽ" አለችኝና ብዙም ሳትቆይ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየች።

"አንቺ ልጅ፣ ምነው ግን እምቢ አልሽ?"

"ሦስተኛ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር እኮ፣ እትዬ ዝናሽ" አለች ቅድስት፤ ልትስቅ ሞከረች።

እናቴ መሪውን በመዳፏ መታችው። "ፈረንጅ ደግሞ ሦስተኛ የት ያውቃል! ተመልሰን ብንነግራትስ? ገና ብዙ አልራቅንም።"

"ኸላስ ማሚ፣ አለቀ፤ ፈርሜያለሁ" አልኩ።

"አዎ፣ ይቅር። የዮርዲ ስም ተጠርቷል" አለች ቅድስት። ቅድስት ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ እንደሆነ እናቴ ምንም አታውቅም ነበር፤ ስለዚህ ተወችው። መንገዱን ሙሉ ያሸነፍኩ መስሎ እንዲሰማኝ ታገልኩ። ግን የተሰጠኝ እሷ የተወችው ነው፤ እሱም አናደደኝ።

እነ ቅድስት ሰፈር ማቆሚያ ስለማይገኝ እናቴ መኪናው ውስጥ ቀረች፤ እኔ ዕቃዎቹን ላግዛት አብሬያት ወጣሁ። እትዬ ሸዋዬ የሆቴሉን ነጭ ልብስ ገና አልቀየሩም ነበር። ልጃቸው የሆነውን በሦስት አረፍተ ነገር ነገረቻቸው። ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"የትምህርት ቤቱንም ጭምር? የዓመቱን?" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ዮርዲዬ፣ አንቺ አጠገቧ አልነበርሽም? እዚህ ያደግሽ ነሽ፣ ጠባያቸውን ታውቂያለሽ። ይሉኝታ ይዟት ነው ብትያቸው ኖሮ..."

ከእኔ በፊት ቅድስት መለሰች። "ዮርዲ ሩቅ ነበረች፣ እማዬ። ምንም አልሰማችም።"

ፊቴን ሳታይ ነው ያለችው። ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉንም ሰምታለች። መድረኩ ላይ ጀምራ፣ እያጨበጨበችልኝ፣ ያን ሁሉ መንገድ ከኋላዬ ተቀምጣ ታውቅ ነበር።

መጀመሪያ የተሰማኝ ኀፍረት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልነበረም። ይህንንም ልትወስድብኝ ነው አልኩ በልቤ። እኔ ክፉዋ፣ እሷ ደግሞ ገመናዬን የሸፈነችልኝ መልአክ፤ ዕድሜ ልኬን ይህን ተሸክሜ ልኖር። ይህን አልሰጣትም አልኩ።

"ሰምቻለሁ" አልኩ። "እንዲያውም ሴትዮዋ ጠይቃኛለች። በትሕትና ነው ወይስ ከልቧ ነው አለችኝ። ከልቧ ነው አልኳት። እያወቅሁ ነው።"

እትዬ ሸዋዬ አልጮኹም። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆዩ። "አገር ቤት ልልካት እንደነበርስ ታውቂ ነበር?" አሉ።

"አዎ።"

"እናትሽስ?"

"አታውቅም። ምንም አታውቅም።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

"ነገ እደውልላታለሁ" አልኩ ለቅድስት። "እውነቱን ነግሬ እመልስልሻለሁ።"

"መልሺልኝ። እወስደዋለሁ" አለች ወዲያው። እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። "ግን ለአንቺ ብዬ የዋሸሁ መስሎሽ ነው የተናገርሽው አይደል?"

እጄ ላይ የቀሩትን ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"እማዬ እዚህ አገር ያለቻት አንዲት ሰው እናትሽ ናት። ስትታመም ሐኪም ቤት የምትወስዳት እሷ፣ ስትከፋ የምትሄደው እሷ ዘንድ። እኔ ስሄድ እሷን እንዳታጣ ብዬ ነው የዋሸሁት። አንቺን አላሰብኩሽም፣ ዮርዲ።"

የእትዬ ሸዋዬ ስልክ ጠራ። እናቴ ነበረች፤ ስለዘገየሁባት ነው። በሩ ሳይከፈት ጠርቶ ጠርቶ ቆመ፤ እንደገናም ጠራ።